በብርሃን የምትዋኘው ጥቁር ጀልባ አሠራር፦ ከኩራዝ ጥላሸትና ከመስኮት ሲሊኮን

ደሴ ያለችው የጥገና ሱቄ ውስጥ፣ መስኮቱ ስር፣ ውሃ የሞላ ሰፊ ሳፋ አለ። ውሃው ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር ተንሳፋለች። መብራት ሳበራባት ትሄዳለች፣ ሳጠፋው ትቆማለች። ስልኩን ሊያሠራ የመጣው ሁሉ ስልኩን ረስቶ "ባትሪዋ የት ነው?" ይለኛል። ባትሪ የላትም። ሞተርም የላትም። ተማሪዎች ደግሞ፣ በተለይ ከኮምቦልቻ የሚመጡት፣ ለፕሮጀክት እንፈልጋታለን እያሉ አሠራሯን ያስነግሩኛል። በቃል መናገሩ ሰለቸኝ፤ ይኸው ጻፍኩት።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ለዩ። የምንሠራው ሁለት ዕቃ ነው። አንዱን እኔ "ጡንቻ" እለዋለሁ፦ ብርሃን ሲያርፍበት የሚታጠፍ ስስ ቁራጭ ነው፣ በመጽሐፍ አክቹዌተር የሚሉት። ሌላዋ ጀልባዋ ናት። ሁለቱም ብርሃን ውጠው ይሞቃሉ። ግን ጡንቻው የሚንቀሳቀሰው ሁለት የተጣበቁ ቁሶች እኩል ስለማይረዝሙ ነው። ጀልባዋ የምትንቀሳቀሰው ደግሞ የሞቀ ውሃ ገጹ ስለሚላላ ነው። ይህን ያልለየ ሰው፣ ጀልባዋ እምቢ ስትለው የቱን እንደሚያስተካክል አያውቅም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአልሙኒየም ፎይል፣ ምግብ የሚጠቀለልበት
- ግልጽ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር
- የመስኮት ሲሊኮን፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው። የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አይጠፋም
- አኳራጅ፣ ከቀለም መሸጫ፣ ግማሽ ስኒ ይበቃል
- ኩራዝና ነጭ ጋዝ። ኩራዝ ከሌላችሁ አያታችሁን ጠይቁ
- የማትፈልጉት የብረት ድስት ክዳን
- የመስታወት ቁራጭና የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ
- ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ሁለት ማንኪያ
- ሰፊ ሳፋ፣ ቢቻል ሳሙና ነክቶት የማያውቅ
- ብርሃን፦ ወይ ፀሐይና 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ማጉያ መነጽር፣ ወይ የመኪና የፊት መብራት፣ 12 ቮልት 55 ዋት ሃሎጅን ከነመስታወቱ
- ማስክ፣ ጓንት፣ የፀሐይ መነጽር

ኤልኢዲ የእጅ ባትሪ ይሆናል ወይ ትሉኛላችሁ። በጣም ኃይለኛ ከሆነ ጥቂት ያንቀሳቅሳል። የስልክ መብራት ግን አይሞከር፣ ጊዜ ማባከን ነው።

መጀመሪያ እነዚህን አንብቡ

አኳራጅ እሳት ይይዛል። ኩራዝ በበራበት ክፍል ውስጥ ጠርሙሱን እንዳትከፍቱት። የጥላሸቱን ሥራ ጨርሱ፣ ኩራዙን አጥፉ፣ ቦታ ቀይሩ፣ ከዚያ ወደ አኳራጁ ሂዱ።

ጥላሸት ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ማስክ አድርጉ፣ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩ።

ማጉያ መነጽር መስኮት አጠገብ ጥላችሁ አትሂዱ። ፀሐይዋ ስትዞር መጋረጃ ላይ ልታነጣጥር ትችላለች። በመነጽሩ ፀሐይን ማየትማ ዓይን ያጠፋል፣ ልጆች ካሉ አጠገባቸው ሁኑ።

ሌዘር አትግዙ። ኃይለኛው ሌዘር ከውሃው ገጽ ነጥሮ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሙቀት ብቻ ነው።

አሠራር

1. ጥላሸት ሰብስቡ። የኩራዙን ክር ከፍ አድርጉት፣ እንዲያጨስ። የድስት ክዳኑን የነበልባሉን ጫፍ እስኪቆርጠው ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ በጨርቅ ወይም በቆንጠጫ። ነበልባሉ በቂ አየር አጥቶ፣ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካው፣ ያልተቃጠለው ካርቦን ክዳኑ ላይ ይቀራል። ክዳኑን እያንቀሳቀሳችሁ አስር ደቂቃ ያህል ሥሩ። ሲቀዘቅዝ ገልብጣችሁ ስታዩት ከፋይ የመሰለ፣ ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ነገር ታገኛላችሁ። በካርድ ቀስ ብላችሁ ፋቁት። እንዳታነጥሱ፤ እንደ ዱቄት አይወርድም፣ ይንሳፈፋል። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

"ለምን በጥቁር ማርከር አንቀባውም?" የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። የማርከር ቀለም ለዓይን ጥቁር ነው እንጂ፣ ብዙዎቹ የማይታየውን የሙቀት ብርሃን ያሳልፉታል። ሃሎጅን አምፖል ደግሞ ከሚያወጣው አብዛኛው ያ የማይታየው ነው። ካርቦን ግን ሁለቱንም ይውጣል።

2. ሲሊኮኑን አጥቁሩት። ኩራዙ መጥፋቱን እዩ። ጥላሸቱን መጀመሪያ በሁለት የሾርባ ማንኪያ አኳራጅ በጥብጡት። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲሊኮን ጨምሩና በደንብ አማስሉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ጥላሸቱን በቀጥታ ወፍራሙ ሲሊኮን ውስጥ ከጣላችሁት ይጓጉላል፣ ፊልሙም (የምናነጥፈው ስስ ንጣፍ) ነጠብጣብ ይሆናል፣ ሙቀቱም አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ ያንሳል። ውፍረቱ እንደ አጥሚት ሲሆን በቃ። ፈጠን በሉ፣ አየር ሲያገኘው ቶሎ ገጹን መያዝ ይጀምራል።

በቂ መጥቆሩን ለማወቅ አንዱን ጠብታ ላስቲክ ላይ ስስ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን በነጠብጣብ የሚያሾልክ ከሆነ ጥላሸት ጨምሩ። ግን አታብዙት፤ ጥላሸት የበዛበት ሲሊኮን ሲደርቅ ይሰባበራል።

3. ስስ አድርጋችሁ አንጥፉት። መስታወቱን በደብተር ላስቲክ ሸፍኑ፣ እንዳይጨማደድ። ሲሊኮን ላስቲክ ላይ አይጣበቅም፣ መስታወት ላይ ግን ከተጣበቀ በምላጭ ስትፍቁት ነው የምትውሉት። ግራና ቀኝ ፕላስተር ስድስት ስድስት ጊዜ ደራርባችሁ ለጥፉ። አንዱ ንብርብር 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስድስቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ሁለቱ መስመሮች እንደ ሐዲድ ናቸው። ድብልቁን መሐል አፍስሱና ማስመሪያውን ሐዲዶቹ ላይ አስደግፋችሁ አንድ ጊዜ ሳቡት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛ ከደገማችሁት ይቀደዳል።

ስስ መሆን ያለበት ለሁለት ነገር ነው፦ ጀልባዋ እንድትቀል፣ ከላይ የዋጠችው ሙቀትም ቶሎ ታች ውሃው ጋ እንዲደርስ።

ከድብልቁ አንድ ማንኪያ ያህል አስቀሩ፣ ለሚቀጥለው ይፈለጋል።

4. ጡንቻውን እዚያው ሥሩ። ፎይሉን መስታወት ላይ በማንኪያ ጀርባ አለስልሱት። አንዱን ገጽ በፕላስተር ሸፍኑ፣ ከአንድ ጫፍ እየጀመራችሁ፣ አረፋ ሳይገባ። አረፋ ያለበት ቦታ ሁለቱ ንብርብሮች አይጎታተቱም፤ ካልተጎታተቱ ደግሞ መታጠፍ የለም። ገልብጡትና በባዶው ፎይል ላይ ካስቀራችሁት ጥቁር ድብልቅ እጅግ ስስ አድርጋችሁ በካርድ ቀቡ። ማጥቆር ብቻ ነው የምንፈልገው።

5. ይድረቅ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው እንጂ እንደ ቀለም በመድረቅ አይደለም። ስለዚህ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚገባበት ክፍል ይደር። በክረምት የደሴ ጉም ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው፤ በበጋ ደረቅ ሰሞን አጠገቡ እርጥብ ፎጣ ስቀሉ። ጠዋት የኮምጣጤው ሽታ ከጠፋና ጣት ላይ ካልቀረ ደርሷል። ካልሆነ ሌላ ቀን ጨምሩለት።

6. ጡንቻውን በደረቅ ፈትሹት። በመቀስ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አድርጋችሁ ቁረጡ። ሰፊ ከሆነ በየት በኩል እንደሚጠቀለል አይታወቅም፣ ቀጭን ሲሆን ግን በርዝመቱ ብቻ ይታጠፋል። አንዱን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ያዙትና ጥቁሩን ወደ መብራቱ አዙሩ። መብራቱን አብሩ።

ይህችን ቅጽበት በደንብ እዩዋት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጫፉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ሰው ሲጠሩት ቀና እንደሚል ሁሉ ወደ መብራቱ ቀና ብሎ ይጠቀለላል። መብራቱ ሲጠፋ ተመልሶ ይተኛል። ለምን ወደ መብራቱ? አንድ ሜትር አልሙኒየም በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 0.023 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚረዝመው። የፕላስተሩ ፕላስቲክ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከኋላ ያለው ፕላስቲክ ሲረዝምና ፎይሉ ሲያጥርበት፣ ቁራጩ ወደ አጭሩ ይጎብጣል። ወደ ሌላ አቅጣጫ ከታጠፈባችሁ የቀባችሁት ተሳስቶ የፕላስተሩን ገጽ ነው።

በፀሐይ ከሆነ መነጽሩን ወደ ነጥብ አታጥቡት። ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ክብ ስታጠቡት እንኳ ብርሃኑ 25 እጥፍ ይጠነክራል፤ ያ ከበቂ በላይ ነው። ነጥብ ካደረጋችሁት ፕላስተሩ ይጨማደዳል፣ ከዚያ በኋላ ያ ቁራጭ ሞቷል።

7. ጀልባዋን ቁረጡ። የደረቀውን ጥቁር ፊልም ከላስቲኩ ላይ ቀስ ብላችሁ ላጡ። በምላጭና በማስመሪያ ርዝመቷን 2፣ ስፋቷን 1 ሳንቲ ሜትር አድርጉ። ፊቷን ሹል፣ ኋላዋን ቀጥ ያለ። ከዚህ አታሳድጓት፣ ምክንያቱም የሚገፋት ኃይል በጣም ትንሽ ነው። የውሃ ገጽ ውጥረት፣ ማለት ገጹ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ የሚጎትትበት ኃይል፣ በአንድ ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሜትር 0.15 ሚሊ ኒውተን ያህል ይቀንሳል። ኋላዋ ያለው ውሃ በአስር ዲግሪ ቢሞቅ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ የምታገኙት ግፊት የአምስት የጤፍ ፍሬ ክብደት ቢሆን ነው። በአምስት ጤፍ ጀልባ ትነዳላችሁ፤ እንግዲህ ቀላል አድርጓት።

8. ሳፋውን አዘጋጁ። ሳሙና በጭራሽ። በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ውሃው አራት ጣት ያህል ጥልቀት ይኑረው። ጀልባዋን በጠርዟ ሳይሆን በጠፍጣፋዋ፣ በቀስታ አስቀምጧት። ሲሊኮን ውሃ ስለማይወድ ስስ ሆና ሳለች ገጹ ላይ ትቀራለች። ላይዋ ከረጠበ አውጡና በወረቀት አድርቋት፤ ላይዋ ላይ ያለ ውሃ ሙቀቱን ሁሉ ይወስዳል። መስኮትም ዝጉ። ለአምስት ጤፍ ግፊት ትንሽ ንፋስ ማዕበል ነው።

9. ንዷት። ብርሃኑን ኋላዋ ላይ አሳርፉ። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ኋላዋ ሲሞቅ እዚያ ያለው ውሃ ገጹ ይላላል፣ ከፊት ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ግን እንደጠነከረ ነው፤ ስለዚህ ወደ ፊት ይጎትታታል። ማራንጎኒ የሚባለው ክስተት ይህ ነው። ብርሃኑን እየተከተላችሁ ኋላዋ ላይ አቆዩት። መሐሏን ካበራችሁ ባለችበት ትወዛወዛለች። ፊቷን ካበራችሁ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ለማዞር የኋላዋን ግራ ጥግ አብሩ፣ ወደ ቀኝ ትዞራለች። የግራ መቅዘፊያ ብቻ እንደመቅዘፍ አስቡት።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ይሻላል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ከለበሰ ግን ፀሐይ መጠበቅ ከንቱ ነው፣ የመኪናውን መብራት አውጡ። ሃሎጅኑ 5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የመኪና ባትሪ ወይም ያን የሚችል ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። የአምፖሉን ብርጭቆ በባዶ እጅ አትንኩ፣ የእጅ ቅባት ያለበት ቦታ ከመጠን በላይ ሞቆ ይሰነጠቃል። ገመዱና ባትሪው ከሳፋው ራቅ ይበሉ።

10. ጭራ ጨምሩላት፣ ከፈለጋችሁ። ከጡንቻው 1.5 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና ጥቁሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ኋላዋ ላይ በጠብታ ሲሊኮን አጣብቁ። ጭራው ከውሃ በላይ ይቅር። ውሃ ውስጥ ከተነከረ አይታጠፍም፤ ውሃ ሙቀቱን በሙሉ ይነጥቀዋል። መብራቱን ስታበሩና ስታጠፉ ጭራዋን እያነሳች እየጣለች ትሄዳለች። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ዓሣ ነው የምትመስለው።

ግን አትሸወዱ። የሚነዳት ጭራው አይደለም። ለማረጋገጥ፣ ሥራችሁን ሁሉ ስትጨርሱ፣ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ፈሳሽ ሳሙና ነክታችሁ ሳፋው ጥግ ላይ አስነኩ። ጀልባዋ አንዴ ትፈናጠራለች። ከዚያ ብርሃን ብታበሩባት ጭራዋ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እሷ ግን ቦታዋን አትለቅም። ሳሙናው የውሃውን ገጽ ውጥረት አላልቶታል። ለፕሮጀክት የምታቀርቡ ከሆነ ይህን ሙከራ አትዝለሉት፣ መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሳሙና የነካው ሳፋ። እኔም ተይዤበታለሁ። አንድ ቅዳሜ ሰው ሰብስቤ ላሳይ ብዬ ቤት ካለው ሳፋ አንዱን አመጣሁ። ጀልባዋ ፍንክች አለች? አላለችም። መብራቱን አቀረብኩ፣ አራቅሁ፣ ሌላ ጀልባ ቆረጥኩ፣ ላቤ መጣ። ማታ ቤት ስገባ ነው "ያን የልብስ ሳፋ የት ወሰድከው?" የተባልኩት። ስታለቀልቁት ንጹሕ ይመስላል፣ ግን ፕላስቲኩ ላይ የምትቀረዋ ትንሽ ሳሙና ትበቃለች። የእጅ ቅባትም እንዲሁ ነው፤ ጀልባዋን በጠርዟ ያዙ።

ሲሊኮንን ፎይል ላይ ወፍራም አድርጎ ቀብቶ ጡንቻ ነው ማለት። ሲሊኮን ከፕላስተሩም በላይ ይረዝማል፣ ልክ ነው። ግን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ፎይሉን የሚያጎብጥበት አቅም የለውም። መርዘም ብቻውን አይበቃም፣ መግፋትም አለበት። የፕላስተሩ ፕላስቲክ ሁለቱንም ይችላል።

ወረቀት መጠቀም። ወረቀት፣ ፕላስተርና እርሳስ በደረቅ ግሩም ይታጠፋሉ፣ እንዲያውም ወረቀቱ ሲሞቅ እርጥበቱን እየለቀቀ ስለሚያጥር ከፎይሉ ሊበልጥ ይችላል። ውሃ አጠገብ ግን ያንኑ እርጥበት መልሶ ይጠጣና ይበላሻል። ለክፍል ውስጥ ማሳያ እንጂ ለሳፋ አይሆንም።

የአገሩን ሙቀት መርሳት። አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ወስዶ፣ በማግስቱ "ጠማማ ነው የሰጠኸኝ" ብሎ ደወለ። ጠማማ አልነበሩም። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይሞቃል፤ ጡንቻው ሙቀቱን አንብቦ መብራት ሳይበራበት ጎብጧል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በምትጠቀሙበት ቦታና ሰዓት ለጥፉት። ፕላስተሩ በሞቀ ቀን ከተለጠፈ በዚያ ሙቀት ቀጥ ይላል።

አለመቆም። መብራቱን ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተዋችሁት ውሃው ሁሉ ይሞቃል፣ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ይጠፋል፣ ጀልባዋም ትዘገያለች። እረፍት ስጧት ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ቀይሩ።

ስትጨርሱ ጀልባዋን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ በሁለት የደብተር ላስቲክ መሐል አስቀምጧት። ወረቀት ውስጥ ካስቀመጣችኋት አቧራውን ሁሉ ትሰበስባለች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ላይ ከመንሳፈፏ በፊት መልሳችሁ ማጠብ ሊኖርባችሁ ነው። ያ ደግሞ ያለ ሳሙና ነው።